ድምፁን ያጠፋንበት በር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «ሥራሽ ምን ነበር?» ለሚለኝ ሰው አጭር መልስ የለኝም። «ኔትወርክ ውስጥ ነበርኩ» ስል ወዲያው ስልኩን አውጥቶ «እንግዲያው ይሄ ለምን እንደሚቆራረጥ ንገሪኝ» ይለኛል። እኔ በሕይወቴ ስልክ ጠግኜ አላውቅም። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ በሚገኝ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ስክሪን በማየት ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ሲበራ ደወል ይጮኻል። ደወል ሲጮህ ሸኮም ይሁን ቴፒ፣ ጫካ ውስጥ የቆመ አንድ የኔትወርክ ማማ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። እኛ አላርም እንለው ነበር።

ያቺ ክፍል ዛሬ የለችም። ሥራው ተጠቃሎ ወደ ትልቅ ከተማ ሄዷል፤ የትኛው አላርም ለሰው መድረስ እንዳለበት የሚለየውም ማሽን ነው ይላሉ። ይለይ። እኔ ግን ስለ መለየት የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ክው እላለሁ። ሰው ነግሮኝ ቢሆን አላምንም ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ቴፒ ነው፤ በአንድ የቡና እርሻ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ሆኜ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ሙቀቱ ግን ይወራለታል። አለቃዬ ሬዲዮ ላይ የሚያወራው ሰው በራቀ ቁጥር መጮህ ያለባቸው ይመስላቸው ስለነበር፣ ከእርሻው ዳር ካለ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ሬዲዮው ሳያስፈልግ የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ጆሮዬ ተገራ። በሬዲዮው ሹሹታ መሀል ከሹክሹክታ የማይበልጥ የሰው ቃል መልቀም ለመድኩ። ኋላ የኔትወርክ ማማዎችን በኮንትራት የሚከታተል ድርጅት ሚዛን ላይ ቢሮ ሲከፍት፣ ጆሮዬን ነው መሰል ወደው ቀጠሩኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወንድሙ የሚባሉ የአማን ሰው ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ኪሳቸው ሙዝ የማይታጣበት ሰው። አንድ ማማ ጋ ስንደርስ ቁልፍ አያወጡም፤ መጀመሪያ አጥሩን አንድ ዙር ይዞራሉ፤ ቀጥሎ የጄኔሬተሩን ነዳጅ በእንጨት ይለካሉ፤ ከዚያ ወደ ዕቃ ክፍሏ ይገባሉ። ዕቃ ክፍል የምላት ከማማው ሥር የምትቆም፣ ባትሪውና ማሽኑ የሚቀመጥባት የቆርቆሮ ቤት ናት። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ። «መዳፍ ሥራ ስለለመደ ይዋሻል፤ የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም» ይሉኝ ነበር። የሞቀ ባትሪ በሳምንቱ እንደሚሞት ከስክሪኑ በፊት የሚያውቁት በዚያ ነው። አላርም ሲጮህ ደግሞ «ምን ሆነ?» አይሉም። «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ነው የሚሉት፤ ልክ ሰው በር አንኳኩቶ የቆመ ይመስል። እኔና ባልደረቦቼ ከጀርባቸው እንስቅባቸው ነበር፤ ግን ሳናውቀው ሁላችንም እንደ እሳቸው መናገር ጀመርን።

አንድ የማያወላውል ሕግ ነበራቸው። ሳትሄጂ ዝም አታሰኚው። የትኛውም አላርም ቢበዛ፣ ቢያሰለች፣ ቦታው ድረስ ሄደሽ ለምን እንደሚጮህ ሳታጣሪ ድምፁን አታጥፊ። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ ምክንያቱም እኛ ሕጉን አልጣስንም። የሚያስደነግጠኝም እሱ ነው።

አላርሙ በዝቶ ነበር፤ መብዛት ብቻም አይደለም። እዚህ አገር ዝናብ ሲጀምር ማቆሙን ይረሳል። ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። እያንዳንዱ መሄድ አንድ ደወል፣ እያንዳንዱ መምጣት አንድ ደወል። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሳል፤ እሱም ደወል። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ክፍሏ ትሞቃለች፤ እሱም ደወል። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀይ ይሆናል፣ ስልካችን በመልእክት ይንቀጠቀጣል፣ እኛም እንደ ሚዛን ገበያ ጩኸት ለምደነው ሻይ እንጠጣለን። ታዲያ አንድ የገበያ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ቀይ መሀል፣ ተራራው ላይ ያለው ትልቁ ማማ ነዳጁ አልቆ ጠፋ። ቴፒን ጨምሮ በዚያ መስመር ያለው ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። አላርሙ ደርሶናል። ስክሪኑ ላይ ነበር። ግን ማን አየው? ነጋዴው ከቡና አቅራቢው ተቆራረጠ፣ ባንኩ ሥራ አቆመ፣ እኛም ሰው በእግሩ መጥቶ ሲነግረን ነው የነቃነው።

ከዚያ በኋላ ኢንጂነር ሳሙኤል የሚባል አዲስ አለቃ ተላከልን። ትሑት ልጅ ነው፤ ሥራውንም ያውቃል፤ ይህን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ኋላ በሆነው ነገር ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው። የመጀመሪያ ቀን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ስክሪኑን ዝም ብሎ አየ።

«እትዬ ማርታ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስንቱ ነው ተነስተው እንዲሄዱ የሚያደርግዎት?» አለኝ።

«ተነስቼ ብሄድ ኖሮ እስካሁን እግሬ አልቆ ነበር» አልኩት።

ሳቀ። «እንግዲያው ሰው የማያስነሳ ደወል መጮህ የለበትም።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው ሥራው የተጀመረው፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሥራ የለም። መብራት ሲሄድ ወዲያው እንዳይጮህ፣ ትንሽ እንዲታገሥ አደረግን፤ ከተመለሰ ዝም፣ ካልተመለሰ ደወል። ጄኔሬተሩ ተነስቶ ሥራውን ከያዘ ምን ያስጮኻል? አለመነሳቱ ነው መጮህ ያለበት፤ እሱንም እንደዚያ ለወጥነው። ለሚዛን የተቀመጠው የሙቀት ልክ ለቴፒ እንደማይሆን እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ ቴፒ ላቤ ሲንጠባጠብ ስለኖርኩ። ማማዎቹን ደግሞ እናትና ልጅ አድርገን አያያዝናቸው። እናቲቱ ስትወድቅ ልጆቿ ሁሉ አብረው «ወደቅን» እያሉ ይጮሁ ነበር፤ አሁን የእሷ ብቻ ይሰማል። እያንዳንዱን ከማጥፋታችን በፊት ጋሽ ወንድሙ ፒክአፓቸውን አስነስተው ይሄዳሉ፤ ያያሉ፤ «ይሁን» ካሉ ይሆናል፣ «አይሁን» ካሉ አይሆንም።

በመጨረሻ በሮቹ ቀሩ።

የየዕቃ ክፍሉ በር ሲከፈትና ሲዘጋ አላርም ይልካል፤ ለሌባ የተሠራ ነው። የእኛም ደንብ በር ሲከፈት ወዲያው ለዘበኛው መደወል ነበር። «በሩን ማን ከፈተው?» እንላለን፤ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ያልፋል። ከሁሉም የሚበዛው የሸኮው ማማ ነበር። ዘበኛው ማቲዎስ ይባላል፤ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሳቂታ፣ የአገሩ ልጅ። አማርኛው «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ነው፤ «ጋሼ»ን ግን አይረሳም።

«ማቲዎስ፣ በሩን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ እህቴ። ሰላም ነው። ግን ነዳጁ ወርዷል።»

ሌላ ቀን ይከፈታል፤ እንደውላለን። «ሰላም ነው። ግን ዝናቡ አጥሩን ገፍቶ ጥሎታል።» ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ሰላም ነው። ግን ጄኔሬተሩ ድምፁን ቀይሯል።» እኔ በዚህ ሰው እንዴት እንደታደልን ለባልደረቦቼ አወራ ነበር። የሚናገረው ነገር ባለው ቀን እኛ እንደውላለን! አጋጣሚ ብለን አለፍነው። እንደዚያ ዓይነት አጋጣሚ እንደሌለ አንዳችንም አላሰብንም።

ጋሽ ወንድሙ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው እኔን ይዘው ሸኮ ሄዱ። ጭቃው መኪናውን ግማሽ መንገድ ላይ አስቀረው፤ በእግራችን ወጣን። ማቲዎስ የተቀቀለ ጎደሬ በሙዝ ቅጠል አቀረበልን። ጋሽ ወንድሙ አጥሩን ዞሩ፣ ነዳጁን ለኩ፣ ባትሪዎቹን በእጃቸው ጀርባ ነኩ፤ ከዚያ ጠየቁት።

«ማቲዎስ፣ በሩን ቶሎ ቶሎ የምትከፍተው ለምንድነው?»

ማቲዎስ እኔን አየ፣ በሩን አየ። «ለነፋስ ነው ጋሼ። ውስጡ ይታፈናል።»

ጋሽ ወንድሙ ገብተው ቆሙ። እውነትም ይታፈናል። የሌላውን ማማ ዘበኛ ጠየቁ፤ እሱም ለነፋስ አለ። ሌላውም እንደዚያው። ሲመለሱ ለሳሙኤል እንዲህ አሉት፦ «የበሩ ድምፅ ይጥፋ። ሌባ የሚመጣው ለባትሪ ነው፤ የባትሪው ገመድ ሲነቀል የሚጮኸውን ተዉት፤ እሱ ይበቃል።» እኔም ልክ ናቸው አልኩ፤ ዛሬም ቢሆን በዚያ ቀን በምናውቀው ልክ ነበሩ እላለሁ። የበሮቹ መከፈት መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ደወል ግን የለም፤ ለዘበኞቹ መደወሉም ቀረ።

ክፍሏ ጸጥ አለች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ሻዬን ሳይቀዘቅዝ ጠጣሁ። ደወል ሲጮህ ሁላችንም ከወንበራችን ብድግ እንላለን፤ የሚጮኸውም የምር ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት ምስጋና መጣ፤ ሳሙኤል ኬክ ገዝቶ ቆረስን። ጋሽ ወንድሙም በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡ፤ በሰላም ሸኘናቸው።

ከዚያ የቡና ለቀማ ወቅት ሆነ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ቢሮአችን ገባች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት፤ የታጠፈ ጃንጥላ እንደ ዱላ ይዛለች። የማቲዎስ ባለቤት መሆኗን አላወቅኩም ነበር። ሰላምታ አልሰጠችንም።

«የምትደውለው ሴት የትኛዋ ናት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት፤ ምን እንደፈለገች ሳይገባኝ።

«ለምን ተውሽ?»

ቃሉ አልገባኝም። ወንበር አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም። እዚያው ቆማ ነገረችን። ከአምስት ቀን በፊት ጠዋት ማቲዎስ አጥሩ ሥር ያለውን ሣር ሲያጭድ እባብ ቀኝ እጁን ነደፈው። ስልኩ ካርድ አልነበረውም። «ደውይልኝ» የሚለውን የነፃ መልእክት ለእሷ ልኮላታል፤ ቤታቸው ያለው ገደል ውስጥ ስለሆነ ግን ኔትወርክ አይገባም። የማማ ዘበኛ ቤት ኔትወርክ የለውም! በሩን ከፍቶ ተቀመጠ። ዘጋው፤ ከፈተው። ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ከሰዓት በኋላ በዚያ ሲያልፉ እዚያው በሩ ሥር አገኙት፤ በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ አደረሱት። አማን ሆስፒታል ነው ያለው። እጁ ግን አልተረፈም፤ ቆርጠውታል።

«ሐኪሞቹ፣ ቶሎ ወደ መንገዱ ለምን አልወረድክም ብለው ጠየቁት» አለች። «እነሱ ይደውላሉ ብዬ ነው አላቸው። ከቆየሁ ይደውላሉ ብዬ።»

ሳሙኤል እጁ ላይ ያለውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ አቅቶት እንደያዘው ቆመ። ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። በሩ ለነፋስ አልነበረም። በሩ ስልክ ነበር። ካርድ የሌለው ሰው ሚስኮል እንደሚያደርገው፣ ማቲዎስ በሩን እየከፈተ እኛን ሲያስደውለን ነው የኖረው። በእኛ ቢሮ መስመር ላይ ሚስኮልም የነፃ መልእክትም አይታይም፤ በር ግን ይታይ ነበር። ነዳጁም፣ የወደቀው አጥርም፣ የጄኔሬተሩ ድምፅም፣ ያ ሁሉ «አጋጣሚ» እሱ የጠራን ጥሪ ነበር። እኛ ደግሞ ጥሪውን አጥፍተን ኬክ ቆረስን።

በባጃጅ አማን ወረድን። ጋሽ ወንድሙ ቤታቸው ሆስፒታሉ አጠገብ ስለሆነ ደውዬ ጠራኋቸው፤ ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ መጡ። ማቲዎስ ተኝቷል፤ ክንዱ ከክርኑ በታች በፋሻ ተጠቅልሎ ያልቃል። ሲያየን በግራ እጁ ሊነሳ ሞከረ። ለእኛ ሊነሳ! ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

«ማቲዎስ ወንድሜ» አልኩት።

«አይዞሽ እህቴ፤ አታልቅሺ» አለኝ። «አልተቀየምኩም። ሰለቸኋችሁ ብዬ ነው ያሰብኩት። ብዙ ስለማወራ።»

ጋሽ ወንድሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ግንባሩን በእጃቸው ጀርባ ነኩት።

«እኔ መጥቼ ጠይቄህ ነበር» አሉት። ድምፃቸው ቁጣም ልመናም ነበረው። «በአፌ ጠየቅኩህ። ለምን ለነፋስ ነው አልከኝ?»

«ጋሼ፣ አንተ ራስህ ከሚዛን ድረስ መጥተህ ስትጠይቀኝ ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ፈራሁ። የድርጅቱን በር ስልክ አደረግኩት ብዬ እንዴት ልንገርህ? ሥራ እኮ ነው።»

ሳሙኤል በዝግታ ጠየቀው፦ «ይህን የምታደርገው አንተ ብቻ ነህ አይደል?» «አዎ» እንዲለው የሚለምን ይመስል ነበር።

ማቲዎስ በተራው ደነገጠ። እኛ የማናውቅ መሆናችንን ያወቀው ገና ያኔ ነው። «እኔ ብቻ?» አለ። «እኔን ያስተማረኝ የቴፒ መንገድ ዘበኛ ነው። ሁላችንም እኮ ነን። አታውቁም ነበር?»

እኔ ከዚያ ክፍል እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጋሽ ወንድሙ እዚያው ቀሩ፤ እኔና ሳሙኤል ባጃጁን እያጣደፍን ተመለስን። ሳሙኤል ኮምፒውተሩ ፊት ሳይቀመጥ፣ ቆሞ፣ የበሮቹን ድምፅ መለሰ።

ክፍሏ በደወል ተናወጠች። ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ መብራት አልሄደም፤ ነዳጅ ያለቀበት የለም። ስክሪኑ ግን ቀይ ሆነ፤ ሁሉም በር። አንዱ የቴፒ መንገድ፣ አንዱ ከሸኮ ወዲህ፣ አንዱ ስሙን እንኳ ከረሳሁት ጫካ። እያየን ሳለ አንዱ ተዘጋ፤ ወዲያው ተመልሶ ተከፈተ።

የቴፒ መንገዱን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ።

«ሃሎ?» አለ የሽማግሌ ድምፅ። ቀጥሎም፣ «ደወላችሁ?»

«ደውለናል አባቴ። ምን ሆነው ነው? ታመው ነው? በሩን የከፈቱት ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆንኩ ልጄ። አላችሁ ወይ ብዬ ነው። ዝም ካላችሁ ወዲህ በየቀኑ እከፍታለሁ።»

ሳሙኤል ሰማ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ «አለን» አልኩ፤ ደግሜም «አለን አባቴ» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና ወደሚቀጥለው በር ደወልኩ።